ሦስት ሆነው የሚማከሩ አገሮች

የወላይታዋ ቦምቤ ከጅቡቲ ወደብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ያም ሆኖ የቦሎሶ ቦምቤ ገበሬ ከባሕሩ ጋር ሁለት ጊዜ ይገናኛል። መጀመሪያ በዘር ወቅት ነው። ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ አገር ውስጥ አይመረትም። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ በባቡርና በከባድ መኪና ይወጣል፣ በዩኒየን መጋዘን በኩል ያልፍና በአህያ ጀርባ ቀበሌ ይገባል። ሁለተኛው ዝንጅብሉን አድርቆ ሲሸጥ ነው። በ2004 ዓ.ም. የገባው አጠውልግ በሽታ የወላይታን የዝንጅብል ማሳ ካራቆተ ወዲህ ምርቱ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ቢሆንም ዛሬም ነጋዴ ይፈልገዋል። የኢትዮጵያ ደረቅ ዝንጅብል ከሚሄድባቸው አገሮች መካከል ሱዳንና የመን ይገኙበታል። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ላይ ናት፣ የመን ደግሞ ከተከፈለች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል።

ስለዚህ ቀይ ባሕር ላይ ማን ከማን ጋር ተማከረ የሚለው ጥያቄ ቦምቤንም ይመለከታታል። ጥያቄው ዛሬ የሚፈታበት መንገድ ደግሞ ተለውጧል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በኃያላኑ ድምፅ በድምፅ የመሻር መብት ተቀፍድዷል። የአፍሪካ ኅብረት 55 አባላት አሉት። ኢጋድ ትንሽ ቢሆንም በስምምነት የሚሠራ ስለሆነ አንዱ ካኮረፈ ስብሰባው በመግለጫ ያልቃል። በዚህ የሰለቹ መንግሥታት ሦስትና አራት ሆነው ለብቻቸው መቀመጥን መርጠዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 አሜሪካ፣ ብሪታንያና አውስትራሊያ «ኦከስ»ን ሲመሠርቱ፣ የፈረንሳይ የሰርጓጅ መርከብ ውል በአንድ ሌሊት ፈረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ በኒው ዴልሂው የቡድን 20 ጉባኤ ሕንድን በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በእስራኤል በኩል ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኝ ኮሪደር ይፋ ሆነ። የታቀደው የቻይናን «መቀነትና መንገድ» ለመገዳደር እንደነበር ብዙዎች ተናግረዋል። ቻይና በበኩሏ ከኪርጊስታንና ከኡዝቤኪስታን ጋር ሆና በሩሲያ ምድር የማያልፍ የባቡር መስመር ተዋዋለች።

የአፍሪካ ቀንድ ለዚህ ልማድ አዲስ አይደለም። ወደኋላ ሲታይ በዙሪያችን የተሠሩት ትንንሽ ጥምረቶች በሁለት ይከፈላሉ፦ ሌላውን ለማግለል የተሠሩና አንድ ዕቃ በጋራ ለመያዝ የተሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። ሁለተኛዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ፎቶግራፍም አያምርባቸውም፣ ግን እስከ ዛሬ ያሉት እነሱ ናቸው።

ጥንታዊው ምሳሌ ከአክሱም ነው። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ቢዛንቲየምና ፋርስ በሐር ንግድ ይሻኮቱ ነበር። ሐሩ ከምሥራቅ ሲመጣ በፋርስ እጅ ስለሚያልፍ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ጠላቱን እያበለጸገ ይገዛ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒየስ እንደዘገበው፣ ዮስጢንያኖስ ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ «ሐሩን እናንተ ከሕንዶች ገዝታችሁ ለእኛ ሽጡልን» የሚል ይዘት ያለው ጥያቄ አቀረበ። ካሌብ ቢስማሙም ነገሩ አልሠራም። የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ወደቦች ቅርብ ስለነበሩ መርከቦቹ መልሕቅ ሲጥሉ ጭነቱን ሙሉ ለሙሉ ይገዙት ነበር። ሁለቱ ነገሥታት የጋራ ሃይማኖትና የጋራ ጠላት ነበራቸው፤ የጎደላቸው ሕንድ ወደብ ላይ ቆሞ የሚገዛ ሰው ነበር።

ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይቶ ኢትዮጵያ ራሷ የመማከሪያ ርዕስ ሆነች። ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ የሦስትዮሽ ስምምነት ፈረሙ። ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ድሬዳዋ ደርሶ የቆመው የጅቡቲ ባቡር ነበር፦ ማን ይቀጥለው? በየትኛው የኢትዮጵያ ክፍል የማን ጥቅም ይጠበቅ? ምኒልክ አልተጠየቁም፤ ካለቀ በኋላ ተነገራቸው። አፄው ስላሳወቋቸው አመስግነው፣ ሉዓላዊነታቸውን የሚገድብ ነገር እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ከዚያ የተሻለ መልስ በዚያ ሰዓት አልነበራቸውም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የስምምነቱ ፈራሚዎች በታሪክ መጻሕፍት ሲቀሩ፣ ሐዲዱ የአገሪቱን ገቢና ወጪ ንግድ ለአሥርተ ዓመታት ተሸከመ።

የደርግ ዘመን ጥምረት ከዚህ የተለየ መልክ ነበረው። ነሐሴ 13 ቀን 1973 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ ሙአመር ጋዳፊና የደቡብ የመኑ ዓሊ ናስር መሐመድ ዔደን ላይ የሦስትዮሽ ውል ፈረሙ። አሜሪካ በርበራን ለጦር ኃይሏ መጠቀም የሚያስችላትን ስምምነት ከሶማሊያ ጋር ካደረገች አንድ ዓመት ሆኖ ነበር፤ ግብፅና ሱዳንም ከዋሽንግተን ጎን ቆመዋል። ወረቀቱ ላይ ነገሩ ሰምሮ ነበር፦ ሊቢያ ነዳጅና ገንዘብ፣ ደቡብ የመን የባብ ኤል መንደብን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኢትዮጵያ ወታደርና ያን ጊዜ በእጇ የነበሩትን ምፅዋንና አሰብን ታዋጣለች። በአምስት ዓመት ውስጥ ዔደን በገዛ ፓርቲዋ ጦርነት ነደደች፤ ዓሊ ናስር ተሰደዱ። በ1982 ዓ.ም. ደቡብ የመን እንደ አገር ከካርታ ጠፋች። ሦስቱን ያገናኛቸው የሌሎቹ ጥምረት ስለነበር፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ሙቀት ሲወርድ አብሮ የሚያስቀምጣቸው ነገር አልቀረም።

ኢሕአዴግም በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ኡጋንዳ በአሜሪካ ድጋፍ የካርቱምን መንግሥት የሚከቡ «የግንባር አገሮች» ተባሉ። ግንቦት 1990 ላይ ከሦስቱ ሁለቱ ባድመ ላይ ተታኮሱ። አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ደግሞ ኢትዮጵያ ትናንት ልትከባት ከነበረችው ሱዳንና ከየመን ጋር የሰነዓ ፎረምን መሠረተች። በዚህ ጊዜ ውጭ የቀረችው አሥመራ ነበረች። ፎረሙን ለመቅበር ጠላት አላስፈለገም፤ የየመን እርስ በርስ ጦርነት በቂ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሳርፈው፣ ወይም ልብ የሚሰብረው፣ የአሥመራው ነው። ነሐሴ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አሥመራ ላይ የትብብር መግለጫ ፈረሙ፤ በማግስቱ ዓመት ጎንደርና ባሕር ዳር ድረስ አብረው መጡ። ሕዝቡ በእውነት ተደስቶ ነበር፤ ከደስታው ግን የተረፈ ውል፣ የተከፈተ ወደብ፣ ታሪፉ የታወቀ መንገድ አልነበረም። የድንበር በሮች ተከፍተው በወራት ውስጥ ተዘጉ። መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ፣ በዚያው አስተናጋጅ ፊት ሌላ የሦስትዮሽ ጉባኤ ተቀመጠ። ኢሳይያስ አፈወርቂ አሉ፤ ሶማሊያም በሐሰን ሼክ ማሕሙድ በኩል አለች፤ በኢትዮጵያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን አብዱልፈታሕ አል ሲሲ ናቸው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን አባባል ለአንዱ አገር መንግሥት ለውጥ ብቻ መጠቀም ልማዳችን ሆኖ እንጂ፣ ለቀንዱ የውጭ ፖሊሲ ከዚህ የሚስማማ አላውቅም።

ለዚያ ጉባኤ መነሻ የኢትዮጵያ የራሷ እርምጃ እንደነበረ መሸፋፈን አያስፈልግም። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች፤ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት በሊዝ የማግኘት ሐሳብ ነበረበት። የባሕር በር ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ከ90 በመቶ በላይ የውጭ ንግዱን በአንድ ወደብ ማሳለፉ ማንንም ያሳስባል። አካሄዱ ግን ለተበታተኑ ተቀናቃኞች የጋራ አጀንዳ ሰጣቸው። ሞቃዲሾ በጥር መጨረሻ ከቱርክ ጋር የመከላከያ ስምምነት ስታደርግ፣ በነሐሴ ከግብፅ ጋር ደገመችው። በመጨረሻ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ዐቢይ አሕመድና ሐሰን ሼክ በኤርዶዋን ፊት ተጨባበጡ፤ ኢትዮጵያ በሶማሊያ ሉዓላዊነት ሥር አስተማማኝ የባሕር መዳረሻ እንድታገኝ ለመደራደር ተስማሙ። እዚያም ሦስት ናቸው። ሦስተኛው ግን ጎረቤት ሳይሆን የጦር ሠፈርና የሚሸጥ ድሮን ያለው ኃይል ነው።

ከሁሉ በፊት ኢትዮጵያን በግልጽ ያገለለው የሪያዱ ምክር ቤት ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የቀይ ባሕርና የዔደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ አገሮችን ምክር ቤት ስታቋቁም ስምንት አገሮች ፈረሙ። የባሕሩ ትልቅ ደንበኛ ከሆኑት አንዷ ኢትዮጵያ ባሕር ስለማይነካት አልተጋበዘችም። ምክር ቤቱ ምን ሠራ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከኅዳር 2016 ጀምሮ ታየ። የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ የመጡት የአሜሪካ መራሹ ዘመቻና የአውሮፓ ኅብረት «አስፒደስ» ተልዕኮ ነበሩ። ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞርን መረጡ፤ ጉዞው ከ10 እስከ 14 ቀን ረዘመ። ግብፅ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የስዊዝ ገቢ አጣች። የባሕሩ ባለቤቶች ነን ብለው የፈረሙት ስምንቱ በራሳቸው በር ላይ ተመልካች ሆኑ።

ጅቡቲ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተለየ ዘዴ አላት፤ ከማንም ጋር አትቧደንም፣ ለሁሉም ታከራያለች። አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያን፣ ከ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ቻይናም በአንዲት ትንሽ አገር ውስጥ የጦር ሠፈር አላቸው። አሜሪካ ብቻዋን በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ ትከፍላለች። ዘዴው ለወላይታ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ወላይታ ሲዘምቱ፣ የጅማው አባ ጅፋር ገና ቀደም ብለው ግብር መክፈልን መርጠው ነበር። ሠራዊታቸውም ከአፄው ጋር ዘመተ። በዚህም የሂርማታን ገበያና የቤታቸውን ሥልጣን ለአሥርተ ዓመታት አቆዩ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ግብሩን እምቢ አሉ፣ ተዋጉ፣ ተማረኩ፤ አገሩም ክፉኛ ተጎዳ። ወላይታ ውስጥ ዛሬም የሚከበሩት ጦና ናቸው፣ ይገባቸዋልም። የንግድ መንገድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን የአባ ጅፋርን ሒሳብም ሳይመዝን ማለፍ አይችልም።

ኪራይም ወሰን አለው። የካቲት 15 ቀን 2010 ዓ.ም. ጅቡቲ የዱባዩን ዲፒ ወርልድ ከዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል አስወጣች። ከሳምንት በኋላ ድርጅቱ በርበራ ላይ አዲስ ውል ይዞ ብቅ አለ፤ 51 በመቶ ለራሱ፣ 30 ለሶማሌላንድ፣ 19 ለኢትዮጵያ። ይህ የሦስትዮሽ ጥምረት በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ ነበረው፣ ለኢትዮጵያም ከሁሉ የሚሻል ነበር ባይ ነኝ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ኢትዮጵያ ግዴታዋን ስላልተወጣች ድርሻዋን አጥታለች አለች። ፖለቲከኞቻችን ስለ ባሕር በር በሚናገሩበት ጊዜ ይህን 19 በመቶ ሲያነሱ አይሰማም።

ወደብ የሌላቸው ሌሎችም እየሞከሩ ነው። ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በመስከረም 2016 የሳህል ጥምረትን መሥርተው ከኤኮዋስ ወጡ። ወዳጅነታቸው በፈረንሳይ ላይ ባላቸው ቁጣ የተገጣጠመ ነው። የኒጀር ነዳጅ የሚወጣው ግን በቻይና ኩባንያ በተዘረጋና በቤኒን በኩል በሚያልፍ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ቱቦ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኒጀርና ቤኒን ሲኳረፉ ቱቦው ተዘጋ፣ ቻይና ሸመገለች፣ እንደገናም ተከፈተ። ሁለቱ መንግሥታት አሁንም አይዋደዱም፤ ቱቦው ግን በየጊዜው አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

እዚህ ላይ ከወላይታ ሶዶ ወጣ ብሎ ያለውን ኮንቨርተር ጣቢያ ማንሳት ግድ ይላል፤ በቀንዱ ውስጥ ከሠሩት ጥምረቶች አንዱ የሚነሳው ከዚያ ነውና። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞ ላይ የተመረቀው ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ሶዶ ይደርሳል፤ ጣቢያው ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፣ ምክንያቱም በረጅም ርቀት ላይ ቀጥተኛው ብክነቱ ያነሰ ነው። ከዚያ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ቦረናን አቋርጦ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ናይሮቢ አጠገብ ሱስዋ ይወርዳል። የመሸከም አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ነው። ሐምሌ 2014 ላይ የ25 ዓመት የሽያጭ ውል ተፈረመ፣ በቀጣዩ ኅዳር ንግዱ ተጀመረ። ኬንያ ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ትወስዳለች። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው።

የኃያላኑ ፉክክር እዚህም አለ፤ ለግንባታው መዋሉ ነው ልዩነቱ። የዓለም ባንክ ጊቤ ሦስትን በገንዘብ አልደገፈም፤ ግድቡን የጣሊያኑ ሳሊኒ ሲገነባ፣ ለተርባይኖቹ ብድር የመጣው ከቻይና ነው። ይኸው ባንክ በ2004 ዓ.ም. ለኬንያው መስመር 684 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። የኢትዮጵያን በኩል ምሰሶ ያቆመው የቻይና ኩባንያ ነው፤ በኮንቨርተሩ ሥራ የጀርመኑ ሲመንስ አለበት። ቤጂንግና ዋሽንግተን በሌላ ቦታ ቢፎካከሩም፣ ሽቦው ላይ የሁለቱም ገንዘብ አብሮ ይፈስሳል። ከስሩ የቆየ መተማመን መኖሩም አይዘነጋም። ኢትዮጵያና ኬንያ በ1956 ዓ.ም. የተዋዋሉት የመከላከያ ስምምነት አፄውን፣ ደርግንና ኢሕአዴግን ተሻግሮ የዘለቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. የኬንያና የታንዛኒያ መረብ ሲገናኝ ደግሞ ሦስተኛ ገዢ ብቅ አለች፤ ፕሬዚዳንት ሳሚያ ለሰሜን ታንዛኒያ ከኢትዮጵያ ኃይል የመግዛት ሐሳባቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ለዚህ ሦስትነት የተጠራ ጉባኤ የለም፤ ቆጣሪ ግን አለ።

ቅሬታም አለው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ በሌለበት ጊዜ ኃይል ወደ ውጭ መሸጡ በመስመሩ ሥር ለሚኖር ሰው ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሚመጣው ዶላር ማዳበሪያ ይገዛል የሚለው መልስ ትክክል ነው፣ ግን በኩራዝ የምታጠና ልጅ ፊት ሲነገር ይደክማል።

ማዳበሪያውም በሽቦ አይመጣም፤ ለእሱ መንገድና ወደብ ያስፈልጋል። ከሶዶ ለሚነሳ ከባድ መኪና በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ሞያሌ ከአዲስ አበባ ከሚነሳው ይልቅ ቅርብ ነው፤ ደቡቡ ሁለተኛ በር ካገኘ በዚያ በኩል ነው። የካቲት 2004 ዓ.ም. ምዋይ ኪባኪ፣ መለስ ዜናዊና ሳልቫ ኪር ላሙ ላይ የመሠረት ድንጋይ ያኖሩት ለዚህ ነበር። ላፕሴት የተባለው ኮሪደር ወደብ፣ መንገድ፣ ባቡርና የነዳጅ ቱቦ ያቀፈ ነው። ደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ጦርነት ገባች፤ ቱቦው በወረቀት ቀረ። ባቡሩም አልተጀመረም። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው አስፋልት ግን ተጠናቋል፣ የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ በኅዳር 2013 ተመርቋል፣ የላሙ የመጀመሪያ የመርከብ ማቆሚያ ደግሞ ግንቦት 2013 ሥራ ጀምሯል። የጎደለው የሞያሌውን መንገድና የላሙን ወደብ የሚያገናኘው ክፍል ነው፤ ከጋሪሳ ወደ ላሙ በሚወስደው መንገድ በአል ሸባብ ስጋት ምክንያት ተሽከርካሪዎች በፖሊስ አጀብ የሚጓዙበት ቦታ አለ፤ ለአጀቡ የሚቆሙበት ሰዓት ደግሞ በጭነቱ ዋጋ ላይ ይደመራል።